ጠጠር የሚያውቅ ወፍጮ

ቡና መፍጨት የአንድን ሰው የሥራ ዘመን ይሞላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። የእኔን ሞልቶታል። ጡረታ ስወጣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ወጣት ቅጹን እየሞላልኝ፣ «የሙያ ሥልጠና የወሰዱበት ተቋም» ከሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«የት ብዬ ልጻፍ እማማ?»

«ኮልፌ።»

«ኮልፌ የትኛው ተቋም?»

«አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ቤት።»

የምቀልድ መስሎት ሳቀ፤ መስመሩንም ባዶውን ትቶ ወደሚቀጥለው አለፈ። እኔም አልተከራከርኩም። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ባዶ መቅረቱ ልክ አልመሰለኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶና አሽጎ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ተራ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ የፈረቃ አለቃ፣ በመጨረሻ የመፍጫ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ብዙ አለቆች አይቻለሁ። አንደኛው፣ ማሽን በቆመ ቁጥር መጀመሪያ ጥፋተኛውን ይፈልጉ ነበር፤ ብልሽቱን የሚፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው በትምህርታቸው መሐንዲስ ነበሩ፤ ወደ ክፍሌ ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት «ዛሬ ምን ሰማሽ?» ይሉኛል። እኔም ከግራ በኩል ያለው ኩሽኔታ ሊደርቅ ነው፣ ወይም ጥርሱ ተበልቷል እላቸዋለሁ። ይፈታና ልክ ሆኖ ይገኛል። ጆሮዬን ያከብሩት ነበር፤ ማን እንዳስተማረው ግን አልጠየቁኝም። ያስተማሩት ጋሽ ሉቃስ ናቸው። ጊዜውም የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመት የቀረው ነበር።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት አቁሜአለሁ። አባቴ በመሞቱ እናቴና ታናሽ እህቴ የሚጠብቁት የእኔን እጅ ነው። ኮልፌ ገበያ አጠገብ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ፣ ከቦንጋ መጥተው ብዙ ዘመን አዲስ አበባ የኖሩ ነጋዴ የቡና መሸጫ ነበራቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ሱቁን ብቻቸውን ያዙት፤ ቡናውን ታናሽ ወንድማቸው ደምሴ ከአገራቸው በጭነት መኪና ያመጣላቸዋል። እኔን የቀጠሩኝ ለመጻፍና ለመመዘን ነው። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ግን ወሩ በሞላ ቁጥር ሳልጠይቅ ይሰጠኛል።

ሱቁን ከሌሎች የሚለየው ቡናውን ፈጭቶ መሸጡ ነው። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ቡና የሚወቀጠው በሙቀጫ ነበር። እትዬ አመለወርቅ ግን ባለቤቱ ወደ አገሩ ሲመለስ ከአንድ የጣሊያን ቡና ቤት የተገዛ ትልቅ የብረት ወፍጮ ነበራቸው። ከላይ ቡናው የሚፈስበት ጉሮሮ፣ በጎኑ ረጅም እጀታ፣ ከሥሩ ዱቄቱን የሚቀበል መሳቢያ አለው። ለሰፈሩ ሻይ ቤቶችና ለአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የምናቀርበው ሁሉ የሚወጣው ከዚያ መሳቢያ ነው።

እጀታውን ያዞር የነበረው ጎልማሳ ውትድርና ተቀጥሮ ሄደ። ሰው እስኪገኝ ተብሎ እኔ ያዝኩት። ሰው ሳይገኝ ሰባት ወር ሞላ። ዙሩን መቁጠር ልማድ ሆኖብኝ ስለነበር በአንድ ደቂቃ ሃምሳ ጊዜ እንደማዞረው፣ ስበረታ ስድሳ እንደሚደርስ አውቅ ነበር። በሰባተኛው ወር ቀኝ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልነሳ አለ። ጸጉሬን በግራ እጄ ማበጠር ለመድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እትዬ አመለወርቅ ግን መሳቢያው ቶሎ እንደማይሞላ አይተዋል።

ደምሴ ቡና አራግፎ ሊመለስ ሲል እኔ እየሰማሁ እንዲህ አላቸው፦

«እታለም፣ ይቺ ልጅ ጨዋ ናት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ግን ክንድ ነው። በሚቀጥለው ጭነት አንድ ጠንካራ ሰው ከአገር ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ሱቁ ሁለት ሠራተኛ አይችልም፣ ደምሴ።»

«ሁለት መች አልኩ?»

እትዬ አመለወርቅ ወደ እኔ አላዩም። እኔም የያዝኩትን መመዘን ቀጠልኩ። ክረምቱ እየወጣ ስለነበር የሚቀጥለው ጭነት መንገዱ ሲደርቅ፣ ከመስቀል በኋላ ነው የሚመጣው። እስከዚያ አንድ ወር ከምናምን ነበረኝ።

ጋሽ ሉቃስ የሱቁ ግድግዳ ተጋሪ ነበሩ። ከወላይታ በወጣትነታቸው መጥተው የመንገድ ሥራ መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል፤ በኋላ ከሱቁ ጎን ብስክሌት፣ የጋዝ ምድጃና የተሰበረ ሁሉ የሚጠግኑበት ቤት ከፈቱ። እሁድ እሁድ ከቤተሰባቸው ጋር ጸሎት ቤት ስለሚሄዱ የሰፈሩ ሰው ከኋላቸው «ጴንጤው» ይላቸዋል፤ ብስክሌቱ ሲሰበር ግን ሌላ ዘንድ አይሄድም። መማል አያውቁም ነበር። ያኔ ሁላችንም ጨው ስንገዛ እንኳ እንምላለን፤ እሳቸው ግን «አዎ ካልኩ አዎ ነው» ይሉና ዝም ይላሉ። ይህ ብዙ ደንበኛ ያስኮርፍባቸው ነበር።

የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው መፍቻ አያነሱም። መጀመሪያ ባዶውን ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ከዚያ ከአፋቸው የማትለየውን መፋቂያ በጥርሳቸው ነከስ አድርገው ሌላውን ጫፏን ብረቱ ላይ ያስደግፉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ድምፁ በእንጨቷ ሄዶ፣ በጥርሳቸው አልፎ፣ ራሳቸው ውስጥ ይሰማቸዋል። ለማያውቃቸው ሰው ብስክሌቱን ሊበሉት የጎነበሱ ይመስሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ቡና ሊገዙ ገብተው ጥቂት አዩኝ።

«ጽጌ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንሽው?»

«ትንሽ ደክሞኝ ነው ጋሽ ሉቃስ።»

«የደከመው ሰው እጅ ይቀያይራል። አንቺ አልቀያየርሽም።»

 መልሴን ሳይጠብቁ መፋቂያቸውን ወፍጮው ላይ አስደግፈው «አዙሪው» አሉኝ። አዞርኩ። ሲበቃቸው ከኪሳቸው ያልተነካች አዲስ መፋቂያ አውጥተው ሰጡኝና እጀታውን በራሳቸው እጅ ያዙት።

«አሁን አንቺ ስሚ። ጥርስሽን ጠበቅ፣ ከንፈርሽን ላላ አድርጊ።»

ነከስኩና ጫፏን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። የሰማሁትን ዛሬም ለመናገር ይቸግረኛል። ቡናው መጀመሪያ ሲሰበር፣ ቀጥሎ ሲደቅ፣ በመጨረሻም ዱቄቱ ሲንሸራተት ሦስቱም ለየብቻቸው ተሰሙኝ፤ የሚሰሙኝም ከውጭ ሳይሆን ከራሴ ውስጥ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ያዞርኩት ብረት ሆዱ ውስጥ ይህን ያህል ነገር እንዳለው አላውቅም ነበር። እሳቸው ማዞር አቁመው እኔ መፋቂያዋን ሳላነሳ ቀረሁ።

«ይህ ብረት የሚፈልገው የሚያዞረው ነገር ነው» አሉ። «የማን ክንድ እንደሆነ አያገባውም። እስኪ አስብበታለሁ።»

አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሸጠ ፈረንጅ ተቋራጭ የገዟት አንዲት የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ነበረቻቸው። ሁለት እጀታ ያላት፣ ከባድ፣ ለወፍራም ብረት ተብላ የተሠራች ስለሆነች ከሌሎች መሰርሰሪያዎች ይልቅ ዝግ ብላ ትዞራለች። በሳምንቱ ያችን ይዘው መጡ። የወፍጮውን እጀታ ፈቱና መሰርሰሪያዋ ብረት በምትነክስበት አፏ የወፍጮውን ዘንግ አስነከሷት። እትዬ አመለወርቅ ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ ቡና ጨመርኩ፤ ጋሽ ሉቃስ ማብሪያውን ተጫኑ።

ወፍጮው ጮኸ። ሩብ ሰዓት የሚፈጅብኝን ያህል ቡና ሻይ ተቀድቶ ሳይበርድ ፈጨው። እኔ አፌን ይዤ ቆሜአለሁ፤ ጋሽ ሉቃስ ግን አልተደሰቱም። ከመሳቢያው በቁንጥር አንስተው መጀመሪያ በራሳቸው፣ ቀጥሎ በእኔ እጅ ጀርባ ላይ አስቀመጡት። ያቃጥላል። አሸተትኩት። ሲቆላ ያላረረ ቡና ሲፈጭ አርሯል።

«አንቺ በደቂቃ ስንት ጊዜ ነበር የምታዞሪው?»

«ሃምሳ። ብበረታ ስድሳ።»

«ቡናው የለመደው ያንን ነው» አሉና መሰርሰሪያዋን ፈተው ወሰዱ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ አብሬ ሠራሁ ማለት እችላለሁ። ከአሮጌ ብስክሌት ፔዳሉ ላይ ያለውን ትልቁን ባለጥርስ ክብ፣ ከኋላ ጎማው ደግሞ ትንሹን ፈቱ። ጥርሶቹን እንድቆጥር አዘዙኝ፤ ትልቁ አርባ ስምንት፣ ትንሹ አሥራ ስድስት ሆነ። ትንሹን መሰርሰሪያዋ፣ ትልቁን ወፍጮው ቢይዘውና በብስክሌቱ ሰንሰለት ቢገናኙ፣ መሰርሰሪያዋ ሦስት ጊዜ ስትዞር ወፍጮው አንዴ ብቻ እንደሚዞር በወረቀት አስልቼ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ዘቅዝቀው ያዙና «ልክ ነው» አሉ። ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መልሱን ከእኔ በፊት በጣታቸው አግኝተውት ነበር።

ሲገጣጠም ትልቁ ክብ ላይ የጠመኔ ምልክት አድርጌ ዙሩን ቆጠርኩ። ከእኔ ክንድ ጥቂት ፈጠን ይላል። ዱቄቱ ሲወርድ እጄን ከሥሩ ዘረጋሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ሽታውም ቡናው ገና ከምጣዱ እንደወረደ ያህል ነበር። ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሴቶች ወሬ አቁመው ይመለከታሉ። የሚያዞር ክንድ የለም፤ ዱቄቱ ግን ይወርዳል። እኔ የማውቀው ሥራ፣ የእኔው አካሄድ፣ ያለ እኔ ይሠራ ነበር።

ከሴቶቹ አንዷ ጠጋ ብላ «ማነው የሚፈጨው?» አለችኝ።

«መብራቱ ነው።»

«መብራትን ቡና አስለምዳችሁ እንቅልፍ እንዳታሳጡት።»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። እትዬ አመለወርቅም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ለሁለት ሳምንት ጋሽ ሉቃስ በየጠዋቱ የራሳቸውን ቤት ከመክፈታቸው በፊት መጥተው መሰርሰሪያዋን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፤ እኔ ቡናውን ለቅሜ አፈሳለሁ። ትከሻዬ ረገብ አለልኝ።

አሁን ስለ ጠጠሩ መጻፍ አለብኝ።

ቡናችን መሬት ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ ጠጠር አያጣውም። ጥሬው ሲለቀም ጠጠሩ በዓይን ይታያል። ከተቆላ በኋላ ግን ጠጠሩም በቡናው ቅባት ይጠቁርና ቡና ይመስላል፤ የሚለየው ጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ደንበኛ ቤቱ ቆልቶ ያመጣውን ቡና ትሪ ላይ አፍስሼ በጣቶቼ ሳልዳስስ ወፍጮ ውስጥ አልጨምርም ነበር።

የመስቀል ሰሞን ደረሰ። ለበዓሉ አገር ቤት የሚገቡ የጉራጌ ጎረቤቶቻችን የቆሉትን ቡና እየያዙ ተሰለፉ። ከመካከላቸው አንዲት እናት ቁና ሙሉ አቀበሉኝ።

«ለቅሜዋለሁ ልጄ፣ ቶሎ በይልኝ። አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል።»

ትሪው አጠገቤ ነበር። የሰልፉን ርዝመት አየሁ፤ ወፍጮውንም አየሁ። ሰዉ ሁሉ እያየን ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ወፍጮው የእኔ የሆነ ያህል ይሰማኝ ነበር። ቁናውን እንዳለ ጉሮሮው ውስጥ ገለበጥኩት።

የሆነው ከአንድ ትንፋሽ አይረዝምም። ወፍጮው በድንገት ቆመ። መሰርሰሪያዋ ግን አልቆመችም፤ ሰንሰለቱ ሲይዛት እሷው ራሷ በጋሽ ሉቃስ እጅ ውስጥ ተጠመዘዘች። እንደ ደረቅ ጭራሮ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩ። ጋሽ ሉቃስ ከጆንያው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሌላ የተጎዳ ሰው አለ?» አሉ።

ማንም አልነበረም። ሰዉ ወጌሻ ሲላቸው እሳቸው ሆስፒታል አሉ፤ በሰይቼንቶ ታክሲ ወሰዷቸው። ሱቁ ውስጥ የቀረነው ስለ መብራት ማውራት ጀመርን። መብራት ወዳጅ የለውም፣ ነገሩ ሲጀመርም አላማረም፣ ተባለ። እትዬ አመለወርቅ ሰንሰለቱን በእግራቸው ገፋ አድርገው «ይህ ነገር ከሱቄ ይውጣ» አሉ። ወፍጮው የነከሰው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔም አልተናገርኩም። እጀታውን መልሼ ገጠምኩና በግራ እጄ ሰልፉን ጨረስኩ።

ሦስት ቀን እንዲህ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ በእግሬ ወደ ዘነበወርቅ፣ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እጃቸው እስከ ክርናቸው በጀሶ ታስሯል፤ በግራቸው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። የተሰጠኝን ወንበር ሳልቀመጥበት ተናገርኩ።

«ጠጠሩ የእኔ ነው። ቡናውን ሳልዳስስ ነው የጨመርኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሲነክሰው ሰምቼዋለሁ። ቡና እንደዚያ አይጮኽም።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«ያንቺን ነገር እኔ ልናገርልሽ? ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እንደሚወቅሱኝ ጠብቄ ነበር፤ ያቀረቡልኝ ግን ጥያቄ ነው።

«በእጅሽ ስታዞሪ ጠጠር ሲገባ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እጄ ይቆማል።»

«ማን አዞት?»

አሰብኩ። «ማንም አያዘውም። ራሱ ይቆማል።»

«አየሽ፣ ያንቺ ጥፋት አንድ ጠጠር ነው። የእኔ ይብሳል። እጅሽን ከወፍጮው ሳወጣ ያንን ዕውቀቱን አብሬ አወጣሁት፤ በምትኩ ያስገባሁት የለም። ብረት ደግሞ ካልነገሩት አያውቅም።»

 ሲያስቡ መፋቂያቸውን በጥርሳቸው መንከስ ልማዳቸው ነው፤ ያን ቀን ነክሰው ሰበሯት። የተሰበረችውን ከአፋቸው አውጥተው አገላብጠው አዩ። እኔንም አዩ።

«ትልቁን ክብ ከወፍጮው ዘንግ ጋር የያዘው ምንድን ነው?»

«ቡሎን ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስገቡት።»

«ጣት የሚያህል የብረት ቡሎን» አሉ። «አይሰበርም፤ እሱ ስለማይሰበር የእኔ እጅ ተሰበረ። በቡሎኑ ቦታ ይቺ ብትሆንስ ኖሮ?»

ሳቄ መጣ፤ አልሳቅሁም። በተናገሩት ላይ ስቆይበት ግን ገባኝ። መፋቂያዋ ቡናውን ለመፍጨት የሚበቃ ጉልበት አላት፤ ጠጠሩን ለመፍጨት ግን አይበቃትም። እንደ እኔ ክንድ ማለት ነው።

እጃቸው በጀሶ ስለነበር፣ ከሱቁ ስወጣ ጠጋኝ ቤታቸው እየገባሁ ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ሞረዴን ያዳምጣሉ። «ገፋሽው እንጂ አልሞረድሽውም» ይሉኛል ሳያዩ። መጀመሪያ መሰርሰሪያዋን በሰው እጅ መያዝ ቀረ፤ በብረት ቀበቶ ከጠረጴዛ ጋር አሰርናት። ቀጥሎ ከአንድ ቡና ቤት ሊጠገን በመጣላቸው አሮጌ ወፍጮ እየሞከርን መፋቂያ መረጥን። የወይራው እምቢ አለ፤ ጠጠር ስንጨምርለት ሰንሰለቱ ዘለለ እንጂ እሱ አልተሰበረም። የብሳናው ጠጠር የሌለበትን ቡና እንኳ አልቻለም። የክትክታው እርጥቡ ይተጣጠፋል፤ ሁለት ቀን ጥላ ሥር ደርቆ፣ ከእርሳስ ቀጠን ብሎ ሲሞረድ ግን ልክ ሆነ። በስንተኛው እንደሆነ አላስታውስም፤ ከበራቸው ሥር ያለው ስባሪ በመጥረጊያ የሚጠረግ ነበር።

መንገደኛው አላለፈንም። አንድ ደንበኛቸው ብስክሌቱን ደግፎ ቆመና፦

«ጋሽ ሉቃስ፣ አዲሱ ሠራተኛዎ ቀሚስ ለብሷል።»

«አዎ። ያንተንም ጎማ የሚለጥፈው እሱ ነው፤ ደህና አድርገህ ለምነው።»

ደምሴ ከቡናው ጋር መጣ፤ እንዳለውም ሰው ይዞ መጣ። ገብሬ ይባላል፤ ትከሻው ከመስፋቱ የተነሳ የሱቁን በር በጎኑ ነው የገባው። እትዬ አመለወርቅ የወፍጮውን እጀታ ሲያሳዩት ጋሽ ሉቃስ እጃቸውን በጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡ። እኔ መሰርሰሪያዋንና ሰንሰለቱን ተሸክሜ ተከተልኩ።

«ወይዘሮ አመለወርቅ፣ አንድ ኪሎ ይፍቀዱልን። ካልወደዱት እኛም አናስቸግርዎ።»

እትዬ አመለወርቅ ጀሶውን አዩ። «ዳግመኛ ምንም እንደማይሰበር በማርያም ይማሉልኝ።»

«አልምልም። ደግሞም ይሰበራል።»

ደምሴ ሳቀ። «ጋሼ፣ ሊሸጡ መጥተው ያጣጥሉታል እንዴ?»

«ይሰበራል አልኩ» አሉ ጋሽ ሉቃስ። «የሚሰበረውን ግን አስቀድመን መርጠናል። ደምሴ፣ ውጣና የወደድከውን ጠጠር አምጣ።»

ደምሴ ወጥቶ ሲመለስ የያዘው አውራ ጣት የሚያህል ነበር፤ ጋሽ ሉቃስ በጉሮሮው የሚያልፍ እንዲያመጣ መልሰው ላኩት። እኔ መሰርሰሪያዋን ከሱቁ ጠረጴዛ ጋር አስሬ ገጣጠምኩ፤ መፋቂያዋን አስገባሁ። ቡናው መፈጨት ጀመረ። እትዬ አመለወርቅ በሩ ድረስ ሄደው እዚያ ቆሙ። ጋሽ ሉቃስ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ የደምሴን ጠጠር በራሴ እጅ ጨመርኩት።

ክብሪት ሲሰበር የሚሰማው ያህል ድምፅ ተሰማ። ወፍጮው ቆመ። መሰርሰሪያዋ ባለችበት መዞሯን ቀጠለች፤ ሰንሰለቱም፣ ትልቁ ክብም አብረዋት በባዶው ዞሩ፤ ማንንም አልነኩም። መሰርሰሪያዋን አጠፋሁ። ጠጠሩን አወጣሁ፤ አልተፈለጠም። ስባሪዋን አንኳኩቼ አውጥቼ ሌላ መፋቂያ አስገባሁና መልሼ አስነሳሁ። ዱቄቱ ካቆመበት ቀጠለ።  ከዚያ በኋላ አንድ ፎቅ የሚያህሉ ማሽኖች አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ያለ ነገር ግን አላየሁም። ብረቱ ጠጠር ነክቶ በራሱ ቆሞ ነበር።

ደምሴ ስባሪዋን ከመሬት አንስቶ በጣቱ አሻት። «ይህን ያቆመው መፋቂያ ነው?»

«የአምስት ሳንቲሟ» አሉ ጋሽ ሉቃስ።

እትዬ አመለወርቅ ከበሩ ተመልሰው መሳቢያውን ሳቡ፤ ዱቄቱን በጣታቸው ነክተው ሙቀቱን አዩ። ከዚያ በተለመደ ድምፃቸው ተናገሩ።

«ጽጌ ወፍጮውን ትይዛለች። እንዲህ የሚፈጭ ከሆነ ሱቁ ሁለት ሰው ይችላል። አንተ ገብሬ ትለቅማለህ።»

«ለቀማ?» አለ ገብሬ። ከመጣ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «እትዬ፣ ለቀማ የሴት ነው።»

«ወፍጮውን ሴት ከያዘችው ለቀማው ለማን ይቀራል?»

ደምሴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ገብሬ ግን ተመልሶ የሚሳፈርበት አልነበረውምና በማግስቱ ጠዋት አጭሯ ዱካ ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጠ። የተቆላውን ትሪ ላይ አፈሰስኩለት።

«ዓይንህን ተወው። በጣትህ ነው። የተጠራጠርከውን ለእኔ ስጠኝ።»

አንድ አነሳ። «እህቴ፣ ይቺስ?»

አሻሸኋት። «ቡና ናት።»

«ይቺስ?»

«እሷ ጠጠር ናት።»

እየጠየቀኝ፣ እየመለስኩለት ረፈደ። እጁ ትልቅ ቢሆንም ጣቱ አይቸኩልም፤ አንዲት ፍሬ ሳይነካ አላለፈም። ያገኛቸውን ጠጠሮች ስኒ ማስቀመጫ ላይ ይደረድራቸዋል። ያን ጠዋት መፋቂያ አልተሰበረብኝም። ምሳ ሰዓት ላይ መሰርሰሪያዋን አጥፍቼ ያስቀመጣቸውን ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ነበሩ። እኔም እጀታውን ሳዞር እለቅም ነበር፤ እንደ ገብሬ ግን አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ ስንቱ በእጄ ሥር አልፎ ይሆን? ክንዴ በየቀኑ ስንቱን ጠጠር አውቆ ቆሞልኛል፤ እኔ ድካም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እያየሁት ተቀመጥኩ። ገብሬ ምሳውን በልቶ ሲመለስም እንዲያው እንዳለሁ አገኘኝ።